ርካሹ ቴሌስኮፕ ይገዛ ወይስ ይቅር?

በጥር ወር 2017 ዓ.ም. በደባርቅ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የሚያስተምር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጎንደር ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ምክር ጠየቀኝ። የሚመራው የሳይንስ ክበብ አባላት ሁለት ዓመት ሙሉ ባጠራቀሙት ጥቂት ገንዘብ ቴሌስኮፕ ሊገዙ ተስማምተዋል። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ በአንድ ሱቅ ውስጥ ያነሣውን የካርቶን ፎቶግራፍ አሳየኝ። በካርቶኑ ላይ ቀለማቸው የሚያበራ ኔቡላዎችና ቀለበቱ ወለል ብሎ የተዘረጋ ሳተርን ይታያሉ፤ ከሥራቸውም በትልልቅ አኀዝ «525 ጊዜ ያጎላል» ተብሎ ተጽፏል።

«ዶክተር፣ ይገዛ ይላሉ ወይስ ይቅር?» አለኝ። «ልጆቹ ገንዘቡን አምነው የሰጡት ለእኔ ነው። የመጀመሪያዋ ሌሊት ካሳዘነቻቸው ሁለተኛ ወደ ሰማይ ቀና የሚሉ አይመስለኝም።»

በአንድ ቃል ልመልስለት አልቻልሁም፤ ምክንያቱም ያንኑ የመሰለ ቴሌስኮፕ እኔም ገዝቼ አውቃለሁ። ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር ሳለሁ ከተማሪነት አበሌ ቆጥቤ የገዛሁት ሲሆን፣ በመጀመሪያዋ ሌሊት ያየሁት በጭጋግ የተሸፈነና እንደ ውኃ የሚንቀጠቀጥ ግራጫ ጨረቃ ብቻ ነበር። ሳተርንንማ ፈልጎ ማግኘትም አቃተኝ። ዕቃውን አልጋ ሥር ከትቼ ረሳሁት። ጥፋቱ የዕቃው ብቻ ሳይሆን ግማሹ የእኔ እንደ ነበር የተገነዘብሁት ብዙ ቆይቼ ነው። በመሆኑም ለመምህሩ የሰጠሁትን መልስ ተመሳሳይ ጥያቄ ላላቸው አንባብያን ጭምር ዘርዘር አድርጌ ላቅርበው።

ካርቶኑ የሚለውና ሌንሱ የሚችለው

የቴሌስኮፕ ቀዳሚ ተግባር ማጉላት ሳይሆን ብርሃን መሰብሰብ ነው። የሰው ዓይን ብሌን በጨለማ ቢበዛ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል። የፊት ሌንሱ 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ደግሞ ከዚህ 73 ጊዜ ያህል የበለጠ ብርሃን ይሰበስባል። በባዶ ዓይን የማይታዩ ከዋክብት የሚታዩን በዚህ ምክንያት ነው።

ማጉላት ግን ተራ የማካፈል ስሌት ነው፤ የፊት ሌንሱ የትኩረት ርቀት ለዓይን ሌንሱ የትኩረት ርቀት ሲካፈል የሚገኝ ውጤት ነው። የፊት ሌንሱ 700 ሚሊ ሜትር፣ የዓይን ሌንሱ 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ ማጉያው 35 ይሆናል። በ4 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ ሲተካ 175 ይደርሳል። በመካከሉ ሦስት እጥፍ የሚያጎላ ተጨማሪ ሌንስ ሲገባ ደግሞ 525 ይሆናል። ካርቶኑ እንግዲህ በስሌት ረገድ አልዋሸም።

ነገር ግን ብርሃን ሞገድ በመሆኑ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል። 60 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ ለይቶ ሊያሳይ የሚችለው ትንሹ ማዕዘን ሁለት ሰኮንድ ያህል ነው፤ ሰኮንድ ማለት እዚህ ላይ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው። ይህ በጨረቃ ላይ ወደ አራት ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከዚህ ያነሰውን ዝርዝር የትኛውም የዓይን ሌንስ ሊያወጣው አይችልም፤ ብዥ ያለ ጉርድ ፎቶግራፍ በግድግዳ ሙሉ ቢታተም ብዥታው ይሰፋል እንጂ ፊቱ እንደማይጠራ ማለት ነው። በዚያ ላይ ማጉያው ከ35 ወደ 525 ሲወጣ ያው ብርሃን በሰፊ ቦታ ስለሚበተን የምስሉ ድምቀት 225 ጊዜ ይቀንሳል። በልምድ የታወቀው ደንብ፣ ጠቃሚው ማጉያ የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ተለክቶ ከእጥፉ አይበልጥም የሚል ነው። ስለዚህ የዚህ ቴሌስኮፕ ጣሪያ 120 ሲሆን፣ የተሻለ የሚሠራው ግን ከ35 እስከ 70 ባለው ነው።

ዋናው በሽታ እግሩ ላይ ነው

ሌንሱ ደህና ሆኖ ሳለ ርካሽ ቴሌስኮፕን ከጥቅም ውጭ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ መቆሚያው ነው። ቀጫጭኖቹ ሦስት እግሮች በትንሽ ነፋስ ይንቀጠቀጣሉ፤ ቴሌስኮፑ ምስሉን ያጎላውን ያህል ንቅናቄውንም ያጎላዋል። መሬት በዘንጓ ላይ ስለምትዞር ደግሞ ሰማዩ ከፊታችን ይሸሻል። በ35 ማጉያ ጁፒተር ከመስኩ ጫፍ እስከ ጫፍ ለማለፍ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲፈጅበት፣ በ525 ግን ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሰወራል። በዚህች ጊዜ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ዕቃ አስተካክሎ፣ ምስሉን አጥርቶ፣ ተራ ለሚጠብቀው ተማሪ ማስረከብ አይቻልም።

በመሆኑም ገዢው በሱቅ ውስጥ ሊያደርገው የሚገባው ፈተና ቀላል ነው። ቴሌስኮፑን በሩቅ ወዳለ ምሰሶ ወይም ጉልላት አነጣጥሮ ቱቦውን በጣቱ መታ ያድርግ። ምስሉ በሁለትና በሦስት ሰኮንድ ውስጥ ከረጋ መልካም ነው፤ ከዚያ በላይ ከተወዛወዘ ይተወው።

ሰማዩ ከጎንደር ሲታይ

ቴሌስኮፕን በሚመለከት የሚጻፉ ብዙዎቹ ምክሮች በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ለሚኖሩ ሰዎች የተዘጋጁ ናቸው። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ የእኛ ሁኔታ በሦስት ነገር ይለያል።

አንደኛ፣ ፕላኔቶች በሌሊቱ ጉዟቸው ከፍተኛውን ቦታ ሲይዙ ከአናታችን ትክክል ካለው ነጥብ ከ36 ዲግሪ እጅግም አይርቁም። በለንደን ኬክሮስ ግን አንዳንድ ጊዜ ከአድማስ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብለው፣ በወፍራም አየር ውስጥ ያልፋሉ። ከዚህም ሌላ በጎንደር ከፍታ ከከባቢ አየሩ አንድ አምስተኛው ያህል፣ ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነችው በደባርቅ ደግሞ ከሩብ በላይ የሚሆነው ከእግራችን በታች ቀርቷል። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ከጠራበት ከጥቅምት ጀምሮ በደጋው ላይ ፍኖተ ሐሊብ በባዶ ዓይን ይታያል። ለዚህ ጸጋ ማንም ዋጋ አላስከፈለንም።

ሁለተኛ፣ ይኸው ጸጋ የራሱ ችግር አለው። ቴሌስኮፑ ወደ አናት ሲቃና ቱቦው ከመቆሚያው እግር ጋር ይጋጫል፤ ተመልካቹም መሬት ላይ ለመተኛት ይገደዳል። ስለዚህ ብርሃኑን ወደ ጎን የሚያጥፈው ባለ መስተዋት ክርን በሌንስ ለሚሠራ ቴሌስኮፕ የግድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ኢኳቶሪያል የተባለው ውስብስብ መቆሚያ ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ መነጣጠር አለበት። ይህች ኮከብ በእኛ ዘንድ ከአድማስ ከ12 ዲግሪ ከፍ ብላ ስለማትርቅ ብዙ ጊዜ በተራራ ወይም በጭጋግ ትሸፈናለች፤ አንዳንዱ ርካሽ መቆሚያም እስከዚህ ድረስ ዝቅ አይልም። ስለዚህ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ብቻ የሚዞረው ቀላሉ መቆሚያ ለእኛ ይበጃል።

ዘበኛው ያዩት ነገር

በጎንደር ሰማይ ላይ ቴሌስኮፕ ሲነጣጠር የእኛ ዘመን የመጀመሪያው አይደለም። በ1770 እ.ኤ.አ. ወደ ከተማይቱ የገባው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ቴሌስኮፕና የከዋክብትን ከፍታ መለኪያ ኳድራንት ይዞ ነበር። የጎንደርን ኬክሮስ 12 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ያህል ብሎ የመዘገበ ሲሆን፣ ከዛሬው ልኬት ያለው ልዩነት እጅግ ጥቂት ነው። ኬንትሮስን ለማግኘት በዘመኑ ይሠራባቸው ከነበሩት ዘዴዎች አንዱ የጁፒተር ጨረቃዎች በፕላኔቱ ጥላ የሚሰወሩበትን ሰዓት መመዝገብ ነበር፤ ብሩስም ተጠቅሞበታል። ያው ክስተት በግሪንዊች የሚታይበት የአካባቢ ሰዓት ከጎንደሩ በሁለት ሰዓት ተኩል ወደ ኋላ ይቀራል። አንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለሆነ ጎንደር ከግሪንዊች በስተምሥራቅ 37 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ትገኛለች ማለት ነው።

እኔም ያን አልጋ ሥር የጣልሁትን ቴሌስኮፕ ወደ አገሬ ስመለስ በጋቢ ጠቅልዬ አመጣሁት። ሦስት እጥፍ የሚያጎላውን ሌንስ አስወገድሁ፤ የመቆሚያውን እግሮች አሳጥሬ በመካከላቸው አሸዋ የተሞላች ትንሽ ጆንያ አንጠለጠልሁ። በጥር ወር 2005 ዓ.ም. ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጁፒተር ከአናታችን አጠገብ ሳለ በ35 ማጉያ ለተማሪዎቼ አሳየሁ። ግቢውን የሚጠብቁት አንድ አዛውንት ዘበኛም ቀርበው ተመለከቱና ከፕላኔቱ ግራና ቀኝ የተሰለፉትን አራት ነጥቦች በተረኛ መዝገባቸው ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ ነጠቡ። አራት ሰዓት ሲሆን ተመልሰው መጡና ደግመው አዩ።

«ዶክተር፣ ቅድም አራት ነበሩ፤ አሁን ሦስት ሆነዋል። አንደኛዋን ምን በላት?» አሉኝ።

«ከጁፒተር ኋላ ገብታ ነው፣ አባባ፤ ትመለሳለች» አልኋቸው። ጋሊሊዮ በጥር 1610 እ.ኤ.አ. 20 ጊዜ ያህል በሚያጎላ፣ ከእኛው በሚያንስ ቴሌስኮፕ ያየው ይህንኑ ነበር፤ ሁሉም ነገር መሬትን የሚዞር እንዳልሆነ በዓይን የታየ ማስረጃ ሆነለት። ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት ከዚያ 26 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ዕቃው ዋጋ ያለው መሆኑን ከዚያች ሌሊት በኋላ ተጠራጥሬ አላውቅም።

ታዲያ ምን ይገዛ?

ገንዘቡ እጅግ ጥቂት ከሆነ ከቴሌስኮፕ ይልቅ «10 በ50» የተባለውን ባይኖኩላር እመርጣለሁ፤ 10 ማጉያው ሲሆን 50 በሚሊ ሜትር የተለካው የሌንሱ ስፋት ነው። በጠንካራ እንጨት ላይ ከታሰረ የጁፒተርን ጨረቃዎች፣ የጨረቃን ትልልቅ ጉድጓዶችና ሰባቱን ከዋክብት አጥርቶ ያሳያል፤ ቀን ቀን ደግሞ ጭላዳ ዝንጀሮ ያሳያል።

ገንዘቡ ትንሽ ከፍ ካለ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ከ76 እስከ 130 ሚሊ ሜትር መስተዋት ያለው ቴሌስኮፕ ይገዛ። መቆሚያው ጆን ዶብሰን የተባለው ሰው በአሜሪካ ለሕዝብ ካስተዋወቀው ከሣጥን መሰል የእንጨት መቆሚያ የተወሰደ ሲሆን አይንቀጠቀጥም፤ የአገራችን አናጺም ሊሠራው ይችላል። 114 ሚሊ ሜትር መስተዋት ከ60 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ብርሃን ይሰበስባል።

የካርቶኑን ሥዕል ግን ማንም አይጠብቅ። የኦሪዮን ኔቡላ በዓይን ሲታይ ቀለም የሌለው ስስ ጉም ነው። የሳተርን ቀለበትም በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. ጠርዙን ወደ እኛ አዙሮ ስለ ነበር፣ የደባርቅ ልጆች በዚያ ሰሞን በካርቶኑ ሥዕል ተማምነው ቢሆን ኖሮ ባዘኑ ነበር። ቀለበቱ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ቀስ በቀስ ወደ እኛ የሚገለጥ ነው።

ከሁሉም በላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከአንዳንድ ርካሽ ቴሌስኮፖች ጋር በዓይን ሌንሱ ላይ የሚጠለቅ ጥቁር የፀሐይ መስታወት ይሰጣል። የተጠራቀመው ሙቀት ይህን መስታወት በድንገት ሊሰነጥቀውና ዓይንን ለዘለቄታው ሊያሳውር ስለሚችል ወዲያውኑ ተሰብሮ ይጣል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ላይ ያለፈውን የቀለበት ግርዶሽ የመሰለ ክስተት በሚኖርበት ጊዜ የፀሐይ ማጣሪያው መግባት ያለበት ከቱቦው ፊት ነው፤ ይህ ከሌለ ቴሌስኮፑ ወደ ፀሐይ አይዙር።

መምህሩ በመጨረሻ ባይኖኩላር ገዛ፤ እኔም አሮጌውን ቴሌስኮፕ ከነጆንያው አዋስሁት። በሚያዝያ ወር አንድ ወረቀት ላከልኝ። ልጆቹ ዐሥራ አንድ ሌሊት ተራ እየገቡ የጁፒተርን ጨረቃዎች ነጥበዋል፤ ደመና የነበረባቸውን ሌሊቶችም ሳይደብቁ «አልታየም» ብለው ጽፈዋል። ጁፒተር ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር ወደ 12 ዓመት ስለሚፈጅበት፣ ልጆቹ ያዩት በእኛ ግቢ ዘበኛው ባዩበት በዚያው የሰማይ ክፍል ተመልሶ ሳለ ነበር። ወረቀቱን በቢሮዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ «ይገዛ ወይስ ይቅር?» ብሎ ለሚመጣ ሁሉ በመጀመሪያ የማሳየው እርሱን ነው።