በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ የሚልዋኪ ቅርጫት ኳስ ቡድን ነገር

በ2025 ሐምሌ ወር መጀመሪያ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከቢሮ ወጣ ብለን ማኪያቶ እየጠጣን ሳለ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ስልኩን እያየ ፊቱ ጥቁር አለ። ቤተሰቡ አንድ ነገር የሆነ መስሎኝ ደንግጬ፣ “ምነው? ደህና ነህ?” አልኩት። ለካስ ያሳዘነው የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ኖሯል። የሚደግፈው ሚልዋኪ ባክስ የተባለው ቡድን ዳሚያን ሊላርድ የተሰኘውን ኮከቡን ሊያሰናብት ነው። ሰውየው ተረከዙ ላይ ባለው ጅማት ክፉኛ ተጎድቷል፤ የቀረው የሁለት ዓመት ውል ደግሞ 113 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ቡድኑ ይህን ገንዘብ ለአምስት ዓመት እየከፋፈለ፣ ለማይጫወትለት ሰው ሊከፍል ወስኗል።

“ጋሼ፣ እርስዎ ሕግ ተምረዋል” አለኝ ወጣቱ። “አሁን ያኒስም ተስፋ ቆርጦ ከሄደ፣ ቡድኑን ራሱን ከከተማው ነቅለው ይወስዱት ይሆን እንዴ?”

በመጀመሪያ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። አንድ የሚመስለው ጥያቄ ሁለት ነውና። ተጫዋች ሊሄድ ይችላል ወይ? ቡድንስ ሊሄድ ይችላል ወይ? ሁለቱንም የሚወስነው የተጻፈ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ግን የተለያየ ነው።

እኛ የምናውቀው የእንግሊዝን እግር ኳስ ነው። እዚያ ደካማ ቡድን ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል እንጂ ከከተማው አይነቀልም። በ2003 ዊምብልደን ከለንደን ወደ ሚልተን ኪንስ በተዛወረ ጊዜ የተነሳው ቁጣ እንዲህ ያለው ነገር ምን ያህል እንግዳ እንደሆነ ያሳያል። በአሜሪካው ኤን.ቢ.ኤ. ግን ተቃራኒው ነው። 30 ቡድኖች አሉ፤ የሚወርድ የለም፤ የመጨረሻ የወጣም በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ነው። ነገር ግን የቡድኑ ባለቤት የሊጉን ባለቤቶች ድምፅ ካገኘ ዕቃውን ጭኖ ሌላ ከተማ ሊገባ ይችላል። ቡድኑ የግል ንብረት ነው፤ የከተማው ሕዝብ ፍቅር ግን በየትኛውም የንብረት መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

ሚልዋኪ በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት፣ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ያለች፣ ነዋሪዋ 600 ሺህ የማይሞላ ከተማ ናት። በሊጉ ውስጥ ካሉት ትንንሽ የቴሌቪዥን ገበያዎች አንዷ ናት። ይህ ለምን ችግር ይሆናል? ከገቢው እንነሳ። ሊጉ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሸጠው የቴሌቪዥን መብት ለ30ዎቹ እኩል ይከፋፈላል፤ በ2024 የተፈረመው የ11 ዓመት ውል ብቻ ወደ 76 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። በዚህ በኩል ሚልዋኪና ሎስ አንጀለስ እኩል ናቸው። የአካባቢው ቴሌቪዥን፣ የመግቢያ ትኬቱና የአዳራሹ ገቢ ግን በአብዛኛው የየራስ ነው። የሎስ አንጀለሱ ሌከርስ በ2011 ከአንድ የኬብል ኩባንያ ጋር የተዋዋለው የ20 ዓመት ውል ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ በወቅቱ ተዘግቧል። የሚልዋኪን ጨዋታ በአካባቢው የሚያሳየው ጣቢያ ባለቤት ግን በ2023 መጋቢት ወር ኪሳራ አውጆ ፍርድ ቤት ገባ።

ታዲያ ትንሹ እንዴት ይኖራል? ሀብታሞቹ ራሳቸው ባጸደቁት ደንብ ነው። የደመወዝ ጣሪያ አለ፤ ለ2025-26 የውድድር ዘመን 154.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚያው ዘመን ከ187.9 ሚሊዮን በላይ የከፈለ ቡድን የቅንጦት ግብር ይጣልበት ነበር። ከ2011 በኋላም ሀብታሞቹ ለድሆቹ የሚያካፍሉት ገንዘብ እንዲጨምር ተደርጓል። ይህ የጽድቅ ሥራ እንዳይመስለን። ሌከርስ ብቻውን መጫወት አይችልም። የሚሸጠው ውድድር ነው፤ ለውድድር ደግሞ ተፎካካሪ ያስፈልጋል። ነጋዴ ጎረቤቱ ሲዘጋ ሊደሰት ይችላል፤ የሊግ ባለቤት ግን ጎረቤቱ ከተዘጋ የእሱም ሱቅ ባዶ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ደንቡ የማይጋራው አንድ ነገር አለ። እሱም ኮከብ ተጫዋች ነው።

ሚልዋኪ ይህንን የቀመሰችው ገና ከጠዋቱ ነው። ቡድኑ በ1968 ተመሠረተ። በ1969 ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች ቀድሞ የመምረጥ ዕድል በሳንቲም ተጣለና ሚልዋኪ ፊኒክስን አሸንፎ፣ በኋላ ከሪም አብዱልጀባር የተባለውን ሌው አልሲንዶርን አገኘ። በ1971 ዋንጫ ወሰደ። በ1975 ግን ከሪም ወደ ትልቅ ከተማ መሄድ እንደሚፈልግ ተናግሮ ወደ ሌከርስ ተዛወረ። ከመጀመሪያው ዋንጫ በኋላ ሁለተኛው እስኪመጣ 50 ዓመት ፈጀ።

ሁለተኛውን ያመጣው ያኒስ አንቴቶኩምፖ ነው። ከናይጄሪያ የተሰደዱ ወላጆቹ አቴንስ ወልደው ያሳደጉት፣ በልጅነቱ ከወንድሞቹ ጋር መንገድ ላይ ዕቃ ይሸጥ የነበረ ልጅ ነው። በ2013 በ15ኛ ደረጃ ተመረጠ፤ 14 ቡድኖች አልፈውታል ማለት ነው። በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ ቡድኑ 15 ጨዋታ አሸንፎ በ67 ተሸነፈ። በ2019 እና በ2020 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በ2020 ታኅሣሥ ለአምስት ዓመት በ228 ሚሊዮን ዶላር እንደገና ፈረመ። ይህም ቢሆን ደንብ የረዳው ነገር ነው፤ ሊጉ ከ2017 ጀምሮ የቆየበት ቡድን ለኮከቡ ከሌላው የበለጠ እንዲከፍል ፈቅዷልና። በ2021 ሐምሌ፣ በስድስተኛው የፍጻሜ ጨዋታ ብቻውን 50 ነጥብ አግብቶ ዋንጫው ሚልዋኪ ገባ። ተሸናፊው ያ በሳንቲም የተረታው ፊኒክስ ነበር።

እስካሁን ስለ ተጫዋቹ ነው ያወራነው። የወጣቱ ባልደረባዬ ትልቁ ፍርሃት ግን ስለ ቡድኑ ነበር። ለዚህ መልስ ለማግኘት ወደ ሌላ ከተማ፣ ብዙ ወገኖቻችን ወደሚኖሩባት ወደ ሲያትል መሄድ አለብን።

ሲያትል ከ1967 ጀምሮ ሱፐርሶኒክስ የሚባል ቡድን ነበራት፤ በ1979 ዋንጫ ወስዷል። በ2006 ባለቤቱ ሃዋርድ ሹልትዝ ቡድኑን ለኦክላሆማ ባለሀብቶች በ350 ሚሊዮን ዶላር ሸጡት። እኚህ ሰው በሲዳሞ፣ በሐረርና በይርጋጨፌ ቡና ስም ክርክር ጊዜ ደጋግመን ስሙን የሰማነው የስታርባክስ ሊቀ መንበር ነበሩ። በሽያጩ ገዢዎቹ ለ12 ወር አዲስ አዳራሽ በሲያትል አካባቢ ለማግኘት በቅን ልቦና እንዲጥሩ ቃል አስገቧቸው። በዚያው ዓመት የከተማዋ ሕዝብ ለስፖርት ባለቤቶች የሚሰጥን ድጎማ የሚገድብ ሕግ በሰፊ ድምፅ አጸደቀ። የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤትም ለአዳራሹ ገንዘብ አልሰጥም አለ። 12 ወሩ አለቀ።

ከተማው ግን አንድ ወረቀት በእጁ ነበረው። የአዳራሹ ኪራይ ውል እስከ 2010 ይዘልቅ ነበርና “ውሉ እንደተጻፈ ይፈጸም” ብሎ ከሰሰ። ሊጉ በ2008 ሚያዝያ ዝውውሩን 28 ለ 2 በሆነ ድምፅ ፈቀደ፤ ሰኔ ላይ ክርክሩ ተሰማ። ፍርዱ ሊነበብ ሰዓታት ሲቀሩት፣ ሐምሌ 2 ቀን 2008፣ ከተማው 45 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ ታረቀ። ቡድኑ ኦክላሆማ ሲቲ ገባ። ሲያትል ስሙንና ቀለሙን አስቀረች። ሹልትዝም ሽያጩ እንዲፈርስላቸው ከሰው ነበር፤ በኋላ ክሱን አነሱ።

የሕግ ተማሪ ለነበረ ሰው ይህ ጥሩ ትምህርት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ውል በቅን ልቦና እንዲተረጎም ያዝዛል። ቅን ልቦና ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የሰው ልብ በምስክር አይረጋገጥም፤ “ጥሬአለሁ፣ አልተሳካልኝም” ያለን ሰው መርታት ከባድ ነው። የሁለት ዓመት ኪራይ ደግሞ ቢበዛ የሁለት ዓመት ዋጋ ነው የሚያስገኘው።

አሁን ወደ ሚልዋኪ እንመለስ። ሴናተር ኸርብ ኮል ቡድኑን በ1985 የገዙት በ18 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2013 ሊጉ የሚልዋኪ አዳራሽ ለዘመኑ እንደማይመጥን በይፋ አስታወቀ፤ ሲያትልም ቡድን ፍለጋ ላይ ነበረች። ሴናተሩ በ2014 ለማርክ ላስሪና ለዌስሊ ኤደንስ በ550 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጡ ግን በሚልዋኪ ለማይቆይ ገዢ አልሸጥም አሉ። ከኪሳቸው 100 ሚሊዮን ለአዲስ አዳራሽ ሰጡ። ገዢዎቹም ቢያንስ ይህንኑ ያህል እንዲያዋጡ ተስማሙ። በዚያ ላይ ሊጉ አንድ አንቀጽ አስገባ፤ አዳራሹ እስከ 2017 ኅዳር መልክ ካልያዘ ሊጉ ቡድኑን በ575 ሚሊዮን መልሶ የመግዛት መብት አለው። ከሲያትሉ ጋር ያወዳድሩት። እዚያ “በቅን ልቦና እጥራለሁ” ነው፤ እዚህ ቀን አለ፣ ዋጋ አለ፣ ካልተፈጸመ የሚከተለው ተጽፏል።

በእርግጥ አንቀጹ ሁለት አፍ ያለው ቢላዋ ነበር። ባለቤቶቹን ሲያስገድድ ሕዝቡንም አስፈራርቷል። “ክፈሉ፣ አለዚያ ቡድናችሁ ይሄዳል” ማለት ነውና። በ2015 የክፍለ ግዛቱ ሕግ ጸድቆ 250 ሚሊዮን ዶላር ከሕዝብ ገንዘብ ወጣ፤ ወለዱ ሲታከልበት ከዚያም ይበልጣል። አብዛኞቹ ኢኮኖሚስቶች እንዲህ ያለ ድጎማ ወጪውን እንደማይመልስ ይናገራሉ፤ እኔም እነሱን አምናለሁ። አዳራሹ በ2018 ተከፈተ። በ2023 ላስሪ ድርሻቸውን ሲሸጡ ቡድኑ የተገመተው በ3.5 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከ550 ሚሊዮን እዚህ የደረሰው ትርፍ የባለቤቶቹ ነው። የሕዝቡ ድርሻ የ30 ዓመት የኪራይ ውልና የ2021ዱ ሌሊት ነው።

ሌላ መንገድ የለም ወይ? አለ፤ እዚያው ዊስኮንሲን ውስጥ። ነዋሪዋ 100 ሺህ ብትበልጥ ነው፣ ግሪን ቤይ የምትባል ከተማ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን አላት። ባለቤቶቹ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ባለአክሲዮኖች ናቸው፤ የትርፍ ክፍፍል የላቸውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉታል ይኼ ነው። ነገር ግን ያ ሊግ ራሱ ለሌሎች ቡድኖች እንዲህ ያለውን ባለቤትነት ከልክሏል።

የቡድኑ የሜዳ ተስፋስ? እዚህ ላይ ለወጣቱ የምሥራች የለኝም። ሚልዋኪ ዋንጫ ለመድገም ሲል የነገውን ሸጧል። በ2023 ሊላርድን ሲያመጣ የ2029 የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን፣ በ2028 እና በ2030 ደግሞ ምርጫ የመለዋወጥ መብትን ለፖርትላንድ ሰጠ። ከዚያ በፊት ሌሎች ምርጫዎችን ለኒው ኦርሊንስ ሰጥቶ ነበር። በ2023፣ በ2024 እና በ2025 በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር ተሰናበተ። ለተሰናበተው ሊላርድም በየዓመቱ 22.5 ሚሊዮን ገደማ ከጣሪያው ላይ ይቀነስበታል። ትልቅ ከተማ ቢሆን ሌላ ኮከብ “እዚያ ልኑር” ብሎ ይመጣል። ትንሽ ከተማ ተጫዋች የምታገኘው በምርጫ ነው፤ ምርጫውን የሸጠ የዘር እህሉን በልቷል።

የዘር እህሉን የጠበቀም አለ። ያ ከሲያትል የሄደው ቡድን፣ ኦክላሆማ ሲቲ፣ በ2019 ፖል ጆርጅን አሳልፎ ሲሰጥ ሼይ ጊልጀስ-አሌክሳንደርንና አምስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችን ወሰደ። ሁለት ዓመት በሽንፈት ታገሠ። በ2025 ሰኔ ዋንጫ ወሰደ፤ የረታውም ኢንዲያናን፣ ሌላ ትንሽ ገበያ ነው። የከተማው ሕዝብ ደግሞ በ2023 ታኅሣሥ በድምፁ ቢያንስ 900 ሚሊዮን ዶላር ለሚፈጅ አዳራሽ ግብር ፈቅዶ፣ ቡድኑ እስከ 2050 እንዲቆይ አስሯል። ያ ከተማ ቡድን እንዴት እንደሚነጠቅ ያውቃል።

እንግዲህ ለወጣቱ የመለስኩለት ይህን ነው። ያኒስ ዛሬም ይሁን ነገ ይሄዳል፤ ካልሄደም ያረጃል። ጥቂት የሽንፈት ዓመታትን መልመድ ይኖርብሃል። ቡድኑ ግን በቀላሉ አይነቀልም፤ ዕድሜ ለአንድ ሽማግሌ ሴናተርና ከአንድ ሽያጭ ውል ጋር ለተያያዙ ጥቂት ገጾች። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለ አባቶች።

“ውሉ መቼ ነው የሚያልቀው?” አለኝ።

ከ20 ዓመት በላይ ይቀረዋል። ያኔ እሱ የእኔን የዛሬ ዕድሜ ይይዛል። የሚልዋኪ ሰዎችም እንደገና ቁጭ ብለው መጻፍ ይኖርባቸዋል።