ሳይደርቅ በእርጥቡ፤ የቱብለስ ብስክሌት ጎማ ያልተጻፈ ወጪ

ከመነዳሪ የሌለው፣ ቱብለስ የሚባለው የብስክሌት ጎማ ሲሸጥ ሻጩ ደጋግሞ የሚያነሳው አንድ ጥቅም አለ። እሾህ ቢወጋው ራሱን በራሱ ይደፍናል ይላል። አባባሉ ከሞላ ጎደል እውነት ነው። ሻጩ የማያነሳው ግን ቀዳዳውን የሚደፍነው ፈሳሽ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር መሆኑን፣ ሲደርቅም አሮጌውን ለማውጣት ጉልበትና ጊዜ የሚጠይቅ መሆኑን ነው። በዋጋ ዝርዝር ላይ ያልሰፈረው ይህ ወጪ ብስክሌት የሚያስመጣውንም፣ የሚያከራየውንም፣ ያገለገለውን የሚገዛውንም ኪስ ይነካል።

የመኪናው ያልጠየቀውን የብስክሌቱ ለምን ይጠይቃል?

የመኪና ቱብለስ ጎማ ለሚያውቅ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። የመኪናው ምንም ፈሳሽ ሳይጨመርበት ለዓመታት ያገለግላል። ጎማው ወፍራም ነው፤ ከውስጥ በኩል አየር በማያሳልፍ ንጣፍ ተለብጧል፤ ቸርኬውም ወጥ ነው። የብስክሌት ጎማ ግን ክብደት እንዲቀንስ ሲባል ስስ ሆኖ ይሠራል። ቸርኬውም ሽቦዎቹ የሚታሰሩባቸው ቀዳዳዎች ስላሉት አብዛኛውን ጊዜ አየር በማያሳልፍ ፕላስተር ይሸፈናል።

የፈረንሳዩ ማቪክ እ.ኤ.አ. በ1999 ከሃችንሰንና ከሚሽሊን ጋር ሆኖ ለተራራ ብስክሌት ያወጣው ዩ.ኤስ.ቲ. የተሰኘው ሥርዓት እንደ መኪናው ያለ ፈሳሽ አየር እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ነበር። አየር እንዲይዝ ሲባል ግን ጎማው ከበደ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ስታን ኮዚያቴክ ስታንስ ኖቱብስ በተባለው ኩባንያው አማካይነት ያስፋፋው ዘዴ ከዚህ የተለየ ነው። ጎማው ስስ እንደሆነ ይቆይ፣ የሚያስተነፍሰውን ቀዳዳ ፈሳሹ ይድፈነው የሚል ነበር። ዛሬ ገበያውን የያዘው ይኸው መንገድ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሸክሙ ከጎማው ላይ ወርዶ በባለቤቱ ላይ ተጭኗል ማለት ነው።

በመድረቅ የሚሠራ፣ በመድረቅ የሚሞት

የአብዛኛው ማሸጊያ ፈሳሽ መሠረት ላቴክስ፣ ማለትም ከጎማ ዛፍ የሚፈስ ወተት ነው። ቁልቋል ሲቆረጥ የሚወጣውን ነጭ ወተት ያየ ሰው መልኩን ይገምታል። ወተቱ በጠርሙሱ ውስጥ እንዳይረጋ አሞኒያ ወይም ሌላ ማቆያ፣ ቶሎ እንዳይደርቅ ግላይኮል፣ ቀዳዳ እንዲወትፍ ደግሞ ደቃቅ ብናኝ ይጨመርበታል። እሾህ ጎማውን ሲበሳው የሚያመልጠው አየር ፈሳሹን ወደ ቀዳዳው ይገፋዋል፤ ብናኙ ይወትፋል፤ ላቴክሱ በላዩ ረግቶ ይደርቃል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ቀዳዳ ባይኖርም እንኳ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ውሃ ቀስ በቀስ ይተናል። እንደ ፈሳሹ ዓይነትና እንደ አየሩ ጠባይ ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መታየት ይኖርበታል። ሙቀትና ደረቅ አየር ጊዜውን ያሳጥሩታል። ስለዚህ በድሬዳዋ ፀሐይ ላይ የሚውል ብስክሌት በአዲስ አበባ ጥላ ሥር ከሚቀመጠው ቀድሞ መፈተሽ አለበት።

የደረቀው ላቴክስ በጎማው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ እንደ ቆዳ ይለጠፋል፤ አንዳንዱም ተጠቅልሎ እንደ ብይ ይሆናል። ባለቤቱ ጥበቃ ያለው መስሎት ይነዳል፤ በውስጡ ያለው ግን ክብደት የሚጨምር እንጂ ቀዳዳ የማይደፍን ላስቲክ ነው። ምልክቱን ማወቅ አይከብድም። መንኮራኩሩ ሲወዘወዝ የፈሳሽ ድምፅ ካልተሰማ፣ ጎማው አድሮ የሚጎድል ከሆነ ወይም ቫልቩ አየር አልቀበልም ካለ፣ ጎማው የሚከፈትበት ጊዜ ደርሷል።

አሮጌው እንዴት ይወጣል?

በመጀመሪያ አየሩ ሙሉ በሙሉ ይለቀቃል፤ የጎማው አንደኛው ጠርዝ ከቸርኬው ይላቀቃል። የተረፈ ፈሳሽ ካለ በዕቃ ይቀዳል። ወደ ፍሳሽ ቱቦ ከተደፋ እዚያም ረግቶ ቱቦውን ይዘጋል። ጎማው ከወለቀ በኋላ እርጥቡ ቅሪት ለብ ባለ የሳሙና ውሃና በጨርቅ ይታጠባል። የደረቀው ደግሞ ጫፉ ተይዞ እንደ ልጣጭ ይላጣል፤ እምቢ ያለው በአውራ ጣት ወይም በብሩሽ እየታሸ ይጠቀለላል። ቢላዋ ጎማውን ይቀደዋል። ቤንዚንና ላምባም ጎማውን አሳብጠው ስለሚያበላሹት አይመከሩም።

ሁሉንም ፍቆ ማጽዳት ግዴታ አይደለም። በግድግዳው ላይ አጥብቆ የተለጠፈ ስስ ንጣፍ ቢቀር ጉዳት የለውም። በምንም ምክንያት መቅረት የሌለበት ግን ጎማውና ቸርኬው የሚገጥሙበት ጠርዝ ላይ ያለው ነው። እዚያ የቀረ አንድ ፍንጣሪ አየር ያሳልፋል፤ ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። የቫልቩ የውስጥ መርፌም ተፈትቶ ይጸዳል፣ ከተዘጋ ይለወጣል። የቸርኬው ፕላስተር ሳይነሳ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል።

ጎማው ሲገጠም ጠርዙ ቸርኬው ላይ እንዲቀመጥ ብዙ አየር በአንድ ጊዜ ስለሚያስፈልግ የእጅ መንፊያ ላይበቃ ይችላል። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ሥራውን ያቀለዋል፤ ሆኖም በጎማው ላይ ከተጻፈው የግፊት መጠን ማለፍ አይገባም። በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚነፉ ትንንሽ ጋኖች ግን አንዳንድ ላቴክሶችን ያረጋሉ። አዲሱን ፈሳሽ ከሌላ አምራች አሮጌ ፈሳሽ ጋር ማደባለቅም ሁለቱን አንድ ላይ ሊያረጋቸው ይችላል።

ሒሳቡ ሲታይ

አንድ የተራራ ብስክሌት ጎማ እንደ ስፋቱ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ፈሳሽ ይወስዳል። 10 ብስክሌት ያለው አከራይ 20 ጎማ አለው፤ ለአንድ ጊዜ ሙሌት 2 ሊትር ያስፈልገዋል ማለት ነው። በየ3 ወሩ ሙሉ በሙሉ ቢቀይር በዓመት 8 ሊትር ይሆናል። ፈሳሹ በብዛት በሚሸጥበት በ946 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ሲሰላ 9 ጠርሙስ መግዛት አለበት። ሳይደርቅ ጎደሎውን ብቻ እየሞላ ከሄደ መጠኑ ከዚህ በብዙ ያንሳል፤ ጎማ የማውለቁም ሥራ ይቀንሳል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለው ተረት እዚህ ላይ የሒሳብ ትርጉም ያገኛል።

ይህን ወጪ ችላ የሚል ሰው መንገድ ላይ በተነፈሰ ቁጥር ጎማውን ራሱን ይጎዳል፤ አየር ሳይኖረው የተነዳ ስስ ጎማ ግድግዳው ይቆረጣልና። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ጎማን መተካት የምንዛሪውን ውጣ ውረድ መሸከም ማለት ነው።

ይህ ሲባል ቱብለስ ለሁሉም ያዋጣል ማለት አይደለም። ጎሚስታ በማይታጣበት ከተማ በአስፋልት ላይ ብቻ ለሚነዳ ሰው ባለ ከመነዳሪው ጎማ ዛሬም ርካሽ ነው። ቱብለስ የሚያዋጣው እሾህና ጠጠር በበዛበት፣ እርዳታም በራቀበት መንገድ ነው።

አስመጪው ከብስክሌቱ ጋር ፈሳሹንና የቫልቭ መፍቻውን ካላስገባ ለደንበኛው የሸጠው ግማሽ ዕቃ ነው። ፈሳሹም በመደርደሪያ ላይ የሚያረጅ በመሆኑ ቀድሞ የገባው ቀድሞ መውጣት አለበት። ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሰው በበኩሉ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ ፈሳሹ መቼ ተጨመረ? ሻጩ ቀኑን ካላወቀ የሁለት ጎማ ማጽጃና መሙያ ከዋጋው ላይ መቀነስ የገዢው መብት ነው።