ከስድስተኛ ክፍል በኋላስ?

ባለፈው ሐምሌ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ አንድ ማለዳ የቤቴ በር ተንኳኳ። የምኖረው ቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም ነው። ስከፍት ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩት ጎረቤቴ እማማ ከኪዳን መልስ ጭቃ የያዘ ጫማቸውን አውልቀው ቆመዋል። ከኋላቸው የልጅ ልጃቸው የሹራቡን እጅጌ እያኘከ ያየኛል።

"ሲስተር፣ አንቺ የቢሮውን ቋንቋ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ልጅ ትምህርት ቤት አብረሽኝ ሂጂ" አሉኝ።

ልጁ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ዳውን ሲንድረም አለበት። በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልዩ ክፍል ውስጥ ስድስት ዓመት ቆይቷል። ስሙን መጻፍ፣ እስከ ሃያ መቁጠር፣ የጫማውን ማሰሪያ ማሰርና ተራ መጠበቅ የተማረው እዚያ ነው። አሁን አብረውት የጀመሩት ልጆች ሰባተኛ ክፍል ሊገቡ ነው። አባቱ ግን "ሰባተኛ ክፍል ገብቶ ምን ሊሠራ? የተማረው ይበቃዋል፤ ቤት ይዋል" ብሏል። ክፉ አባት ሆኖ አይደለም። ልጁ መንገድ ላይ ሲሳቅበት ማየት ሰልችቶት ነው።

"ቤት ይዋል" የሚለውን ስሰማ የቆየ ዕዳዬ ትዝ አለኝ። በ1970ዎቹ፣ በነርስነት በዲፕሎማ ተመርቄ ገጠር በአንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። አንገቱ አልጸናም፤ አይቀመጥም። ምጡ ሁለት ቀን እንደፈጀባት፣ ሲወለድም ቶሎ እንዳላለቀሰ ነገረችኝ። እኔም ያጽናናኋት መስሎኝ "እግዜር ሌላ ይሰጥሻል፤ በዚህ ብዙ አትድከሚ" አልኳት። ዳግመኛ አልመጣችም። የልጁ የክትባት ካርድ ሳይሞላ ሳጥን ውስጥ ቀረ። ጡረታ ስወጣ ከሸኙኝ ትዝታዎች ሁሉ የሚከብደኝ ያ ካርድ ነው። እናም ለእማማ "እሺ፣ እንሂድ" አልኳቸው።

በከተማችን በተለያዩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ "ልዩ ክፍል" የሚባል አለ። የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ኦቲዝም ወይም የመስማት ችግር ያለባቸው ልጆች በልዩ ፍላጎት መምህር እየተረዱ የሚማሩበት ነው። ዓላማው ልጁን እዚያው ማስቀረት አይደለም። መሠረት ከያዘ በኋላ በሚችለው ትምህርት ከእኩዮቹ ጋር እንዲቀላቀል ነው። አካቶ ትምህርት የሚሉትም ይህንኑ ነው።

እዚህ የተደረሰው በአንድ ቀን አይደለም። እኔ ልጅ ሳለሁ ስለ አካል ጉዳተኛ ተማሪ ሲወራ የሚነሳው የሰበታው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነበር። ልጁ ከቤተሰቡ ርቆ፣ አዳሪ ሆኖ ይማራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፣ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና ፍላጎታቸው እንዲማሩ አቅጣጫ አስቀመጠ። በዚያው ዓመት በስፔን ሳላማንካ ከተማ በተደረገ ዓለም አቀፍ ስብሰባ፣ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ሁሉንም ልጅ ሊቀበሉ ይገባል ተባለ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ሲያጡ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። ስለ ልጃቸው በአደባባይ ሳያፍሩ መናገራቸው ለብዙ ወላጅ ድፍረት ሆኗል።

በመጨረሻም አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጸደቀች። የስምምነቱ አንቀጽ 24፣ ልጆች በአካል ጉዳታቸው ምክንያት ከመጀመሪያ ደረጃም ሆነ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እንዳይገለሉ ያዛል። ስለዚህ "ስድስተኛ ክፍል ይበቃዋል" የሚለው የእኛ የቤት ሕግ እንጂ የአገሪቱ ሕግ አይደለም።

ችግሩ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ከታችኛው ደረጃ ይለያል። በታችኛው ክፍል ልጁ ቀኑን ሙሉ የሚያውቃት አንዲት መምህር አለችው። ሽንት ቤት የሚሄድበትን ሰዓት፣ ሲደክመው የሚያሳየውን ምልክት ሁሉ ታውቃለች። መካከለኛ ደረጃ ሲገባ ግን ደወል በተደወለ ቁጥር መምህር ይቀየራል። ሁሉም ስለ ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ያስባል። ግቢው ውስጥ የሚሮጡት ልጆችም ጎረምሶች ናቸው።

ከእማማ ጋር የሄድንበት ትምህርት ቤት በመጀመሪያ የነገረን "ቦታ የለም" ብሎ ነው። በማግስቱ የልጁን የስድስት ዓመት የውጤት ማስረጃ፣ የሕክምና ወረቀቱንና የቀድሞ መምህሩን የጻፈችለትን ደብዳቤ ይዘን ተመለስን። ያቺ ደብዳቤ በሩን ከፈተች። "ይህ ልጅ ሲጮሁበት ይደነግጣል፤ ሙዚቃ ሲሰማ ይረጋጋል፤ ዕቃ ማደል ይወዳል" ትላለች። የልዩ ክፍሉ መምህርት ሁለቴ አነበበችውና "ማደል የሚወድ ከሆነ ሥራ አለን" ብላ ሳቀች።

አብረን ዕቅድ አወጣን። ጠዋት ጠዋት ልዩ ክፍል ውስጥ ንባብ፣ ገንዘብ መቁጠርና ሰዓት ማየት ይማራል። ለሰውነት ማጎልመሻ እና ለክወናና እይታ ጥበባት ግን ከሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ይገባል። በምገባ ሰዓት ማንኪያ ያድላል። ዕረፍት ላይ አብሮት የሚሆን አንድ የክፍል ጓደኛ ተመደበለት። ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ተጻፈ። እናንተም ልጃችሁን ስታስመዘግቡ "ለልጄ የግል የትምህርት ዕቅድ ይጻፍልኝ፤ ከእኩዮቹ ጋር የሚገባው በየትኛው ትምህርት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ልዩ ክፍል ገብቶ ከሌሎቹ ጋር ጨርሶ የማይገናኝ ልጅ፣ በር ቢለወጥለትም ቤት እንደዋለ ነው።

አሁን ደግሞ እንደ ነርስ ልናገር።

አንደኛ፣ ልጁ "አይገባውም" ከመባሉ በፊት ጆሮውና ዓይኑ ይታይ። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች የመስማትና የማየት ችግር፣ የልብ ችግርና የታይሮይድ ዕጢ መድከም ይበዛባቸዋል። በታይሮይድ የሚመጣ ድካም "ስንፍና" ተብሎ እንዳይታለፍ።

ሁለተኛ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ መድኃኒቱ አንድ ቀንም መቋረጥ የለበትም። በሽታው እንዳለበት ከመምህሩ አትደብቁ። ሲጥለው ክብሪት አታሽትቱ፤ አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጨርቅ አትክተቱ፤ እጅ እግሩን አትያዙ። በጎኑ አስተኙት፤ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ ሰዓት ተመልከቱ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ሦስተኛው ብዙዎቻችን የምናፍርበት ነው። አእምሮው ቀስ የሚል ልጅ አካሉ እኩዮቹን አይጠብቅም። የሴት ልጃችሁ የወር አበባ ሰባተኛ ክፍል ሆና ሊመጣ ይችላል። ደሙን አይታ ሳትደነግጥ፣ አስቀድማችሁ ሞዴስ እንዴት እንደሚደረግና እንደሚለወጥ ቤት ውስጥ ደጋግማችሁ አሳዩአት። ወንዱም ሰውነቱ ሲለወጥ ምን ከበር ውጭ እንደማይደረግ በግልጽና በአጭሩ ይነገረው። ሁለቱም የሰውነት ክፍላቸውን በስሙ ይወቁ፤ "አትንካኝ" ማለትን ይልመዱ። መናገር የሚከብደውን ልጅ የሚያጠቃ ሰው "አይናገርም" ብሎ ነው የሚጀምረው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ፀባያቸው በድንገት ከተለወጠ፣ አንድን ሰው ወይም አንድን ቦታ ከፈሩ፣ ችላ አትበሉ።

አያቶች ሆይ፣ ለእናንተ ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ እርግማን ነው፣ የእናቲቱ ኃጢአት ነው የሚል ወሬ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእኛ ከሽማግሌዎቹ አፍ ነው። ዳውን ሲንድረም ማለት ልጁ 21ኛው ክሮሞሶም በሁለት ፈንታ ሦስት ሆኖ ተወለደ ማለት ነው። ማንም ያደረገው፣ ማንም የበላው ነገር አላመጣውም። ጠበል መውሰዱን እኔም አልቃወምም። ጠበሉም ትምህርት ቤቱም፣ መድኃኒቱም አብረው ይሂዱ እንጂ አንዱ ሌላውን አያስቀር።

አሁን ኅዳር ነው። መስከረም ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ልጁ አንድ ቀን ደወሉን ፈርቶ ከግቢው ወጥቶ ቱሉ ዲምቱ መንገድ ላይ ተገኘ። አባቱ "አላልኳችሁም?" አለ። መምህርቷ ግን ዕቅዱ ላይ አንድ መስመር ጨመረች፤ ደወል ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀረው ቀድሞ ይነገረዋል። ከዚያ ወዲህ አልወጣም። ማንኪያ ሲያድል ይቆጥራል። ሃያ ላይ ይቆም የነበረው አሁን ሠላሳ አምስት ደርሷል፤ የክፍሉ ልጆች ቁጥር ነውና።

እማማ ጉልበታቸው ደክሟል። ባለፈው አርብ በመስኮት ሳይ ልጁን ይዞ ወደ ባጃጁ የሚሄደው አባቱ ነበር። ቦርሳውን የያዘው ግን ልጁ ራሱ ነው፤ አባቱ ሊቀበለው ቢል እምቢ ብሎት።

ቸር ይግጠመን።