ትራውት ካርቱም ለምን የለም?

ካርቱም ውስጥ ከሳጃና ሰፈር ወደ ሰሜን የሄደ ሰው ጥቁር አባይ ዳር ይደርሳል። ወንዙ የሚነሳው ከጣና ነው። ኦምዱርማን ባለው ሞረዳ የዓሣ ገበያ የሚታወቁት ግን ቡልጢና ዒጅል ናቸው፤ በኛ አጠራር ቆሮሶና ናይል ፐርች። ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ የለም።

ምክንያቱ ሙቀቱ ነው። ውሃ ሲሞቅ አየር መያዝ ያቅተዋል፦ 10 ዲግሪ ሲሆን በሊትር 11 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፣ 30 ሲደርስ 7.5 ገደማ። ትራውት ደግሞ ከ20 ዲግሪ በላይ ይጨነቃል። ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች፣ በዲንሾ አካባቢ ባሉት ቀዝቃዛ ወንዞች የለመደውም ለዚህ ነው።

የሚጠመደው በሰው ሠራሽ ዝንብ ነው፤ መንጠቆ ላይ በላባና በጠጉር የተጠቀለለ፣ ትል የሌለው ማጥመጃ። ዝንቡ ክብደት ስለሌለው ብቻውን አይወረወርም። በሌላው አጠማመድ ክሩን ይዞ የሚሄደው እርሳሱ ነው፤ እዚህ ክብደቱ ያለው ራሱ ክሩ ውስጥ ነው። ዘንጉ ወደ ኋላ ይነሳል፣ ክሩ ከኋላ እስኪዘረጋ ይጠበቃል፣ ከዚያ ወደ ፊት ይመታል። ጀማሪ የሚሳሳተው መጠበቁ ላይ ነው።

ሐይቅ ላይ ሌላ ችግር አለ። ወንዝ ምግቡን እያመጣ ስለሚያቀርብ ትራውቱ ከድንጋይ ጀርባ ቆሞ ይጠብቃል። ሐይቅ ግን የቆመ ውሃ ነው፤ ዓሣው ምግቡን ፍለጋ ይዞራል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ስንት ሜትር ጥልቀት ላይ ነው?» የሚለው ነው። አጥማጁ ዝንቡን ጥሎ፣ ዝንቡ ሲሰምጥ ይቆጥራል፦ አንዴ እስከ 10፣ አንዴ እስከ 20፤ ዓሣው በነካበት ቁጥር ላይ ይጸናል። ጭቃ ውስጥ ያደጉ ጥቃቅን ነፍሳት ክንፍ ለማውጣት ወደ ላይ ሲወጡ ትራውት መንገድ ላይ ይለቅማቸዋል። አወጣጣቸው እጅግ ዝግ ያለ ነውና ክሩም እንደዚያው መሳብ አለበት። የሚቸኩል እጅ ባዶውን ይመለሳል። ነፋስ ነፍሳቱን የሚገፋበት ዳርቻ ለመወርወር ቢያስቸግርም ዓሣው የሚሰበሰበው እዚያ ነው።

ይህ ጥበብ ለትራውት ብቻ አይደለም፤ እኔ ደስ የሚለኝም ይሄው ነው። ደቡብ አፍሪካውያን በቫል ወንዝ «የሎውፊሽ» የሚሉትን ዓሣ በዝንብ ያጠምዳሉ፤ እሱ በርቡስ የሚባለው የጣና ዓሣ የቅርብ ዘመድ ነው። ጣና የሌላ ቦታ ዓሣ ሳያስፈልገው የራሱ ከ15 የማያንሱ የበርቡስ ዓይነቶች አሉት፤ ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው፣ ትንሽ ዓሣ የሚመስል ዝንብ ያሳድዳሉ። የጢስ አባይ ፏፏቴ ከታች ካሉት ለይቷቸዋል። ከታች በኩልም፣ እስከ ካርቱምና ከዚያ ወዲያ፣ ዘመዳቸው ቢኒ አለ። ነሐሴ ላይ ግን ወንዙ ደፍርሶ ዝንብ አይታይበትም።

በክረምት የጣና በርቡስ እንቁላል ሊጥል ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች ይወጣል። በዚያ ጊዜ ወንዞቹ አፍ ላይ ማጥመድ የከርሞውን ዓሣ መውሰድ ስለሆነ፣ መንጠቆው እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይቀመጥ።