ሆዱን ያልተወ ጭራቅ

አሜሪካ የሚያድግ የሐበሻ ልጅ ቴሌቪዥን እያየ «እማ፣ ኩኪ ሞንስተር በአማርኛ ምንድን ነው?» ቢል እናትየው ትቸገራለች። «ጭራቅ» እንዳትለው፣ እሷ የምታውቀው ጭራቅ ሰው በል ነው፤ አልተኛም ያለ ልጅ ሊወስድ በጨለማ የሚመጣ። «አውሬ» እንዳትለው አንበሳም አውሬ ነው። ያ ሰማያዊ ጠጉራም ግን ብስኩት ከሰጡት ማንንም አይነካም። ታዲያ በምኑ ነው ጭራቅ የተባለው?

«ሞንስተር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሥሩ ላቲን ነው፤ «ማስጠንቀቅ» ከሚል ግሥ ይመዘዛል። የጥንት ሮማውያን ቅርጹ የተዛባ ፍጡር ሲወለድ የአማልክት ማስጠንቀቂያ ነው ብለው ይደነግጡ ነበር። አሜሪካዊው ፈላስፋ ኖኤል ካሮል ስለ አስፈሪ ድርሰቶች በ1990 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ ለጭራቅ ሁለት መለያ ይሰጠዋል፤ አደገኛ ነው፣ ደግሞም ከየትኛውም ወገን አይመደብም። ሞተ እንዳይሉት ይራመዳል፣ ሰው እንዳይሉት ፀጉሩ አያስጠጋም። እኔን ይበልጥ የሚጥመኝ ግን ሌላው አስተያየቱ ነው። በአስፈሪ ፊልም ውስጥ ሰዎች ጭራቁን ሲያዩ ይጮኻሉ፤ በተረት ውስጥ ማንም አይገረምም፣ የዚያው ዓለም ነዋሪ ነውና። ኩኪ ሞንስተር በሚታይበት የልጆች ፕሮግራም፣ በ«ሰሰሚ ስትሪት» ሰፈርም፣ ጠጉራሙ ሱቅ ሲገባ ባለሱቁ የሚጨነቀው ለብስኩቱ ነው።

የዚህ ሆዳም ታሪክ ከፕሮግራሙ ይቀድማል። አሻንጉሊት ሠሪው ጂም ሄንሰን በ1966 ለአንድ የምግብ ኩባንያ ማስታወቂያ ብሎ የሠራው ፍጡር ነበር። በቀጣዩ ዓመት በተሠራ የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ፊልም ላይ ደግሞ ስለ ራሱ አሠራር የሚያብራራን ማሽን ገና ወሬውን ሳይጨርስ ቆረጣጥሞ ይበላዋል፤ መጨረሻው ፍንዳታ ነው። ኅዳር 1969 «ሰሰሚ ስትሪት» ሲጀመር ይኸው ሆድ ለልጆች ተሰጠ። አሻንጉሊቱን ለማንቀሳቀስ አንድ ሰው አይበቃም፤ ዋናው ተጫዋች አንድ እጁን ጭንቅላቱ ውስጥ ከትቶ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ በሌላው እጁ የአሻንጉሊቱን ግራ እጅ ያንቀሳቅሳል፤ የአሻንጉሊቱ ቀኝ እጅ የረዳቱ ነው። ብስኩቱም ብስኩት አይደለም። እውነተኛው በቅባቱ ፀጉሩን ስለሚያበላሽ ከፓንኬክ ዱቄትና ከፈካ ሩዝ ይጋገራል፤ ቸኮሌት መሳዩ ነጠብጣብ ሙጫ ያለበት ነው። አብዛኛው ጉሮሮ አይወርድም፣ አፉ ዳር ተፈርፍሮ ይበተናል። ልጆቹን የሚያስቀውም ያ ብክነት ይመስለኛል፤ እነሱ ጠረጴዛ ላይ ቢያደርጉት ይቆጧቸዋላ! በ2005 ፕሮግራሙ ስለ ጤናማ አመጋገብ ማስተማር ሲጀምርና እሱም ብስኩት አልፎ አልፎ የሚበላ ነገር ነው ማለት ሲያመጣ፣ «አትክልት በል ሊያደርጉት ነው» ተብሎ ተወራ፤ የተቆጣውም ብዙ ነበር። እውነት አላቸው። ሆዱን ከወሰዱበት ምን ይቀራል?

ሞሪስ ሴንዳክ በ1963 ያወጣው የ«ዱር አውሬዎች» የሥዕል መጽሐፍም ያው ሆድ አለው። ሴንዳክ መጀመሪያ ያሰበው ስለ ዱር ፈረሶች ነበር፤ ፈረስ መሣል አቃተው። በምትኩ ብሩክሊን እሑድ እሑድ ቤታቸው ይመጡ የነበሩ አይሁዳውያን አክስትና አጎቶቹን ሣለ፤ ጥርሳቸው የተበላሸ፣ ጉንጭ የሚቆነጥጡ፣ «ልብላህ!» የሚሉ። የእኛስ አክስቶች «ልብላህ» ሲሉ ያላለቀሰ ሕፃን አለ? ፍቅርና ረሃብ አንድ ቃል ሲጋሩ ልጁ መለየት ያቅተዋል፤ መጽሐፉ የያዘው ይህንን ነው። የፒክሳር ፊልም «ሞንስተርስ ኢንክ» (2001) ደግሞ ሆዱን የከተማ አደረገው። የጭራቆቹ ከተማ መብራት የሚበራው በልጆች ጩኸት ነው፤ ጭራቆቹ ራሳቸው የልጅ እጅ ከነካን እንሞታለን ብለው ይንቀጠቀጣሉ። በኋላ የሳቅ ኃይል ከጩኸት አሥር እጥፍ መሆኑ ይገለጻል። ጭራቆቹ ወደ ልጆቹ የሚገቡበት በር ያው፣ መኝታ ቤቱ ያው፤ የተለወጠው ምግቡ ብቻ ነው።

ካሮል ያነሣው የጭራቅ ወገን አልባነትም ጥቅም ላይ ውሏል። በ2002 የ«ሰሰሚ ስትሪት» የደቡብ አፍሪካ ቅጂ «ታካላኒ ሰሰሚ» ካሚ የምትባል የአምስት ዓመት ቢጫ ጠጉራም አመጣ፤ እናቷን በኤድስ ያጣች፣ ቫይረሱ በደሟ ያለባት። የሰው ልጅ ብትሆን ኖሮ «የማን ልጅ ናት? ከየትኛው ጎሳ?» ይባል ነበር። ቢጫ ጠጉራምን ማን ጎሳ ይጠይቃል? በ2020 የጀመረው ዐረብኛው «አህላን ሲምሲም» ውስጥ ቀዬውን ትቶ የመጣው ጃድም እንደዚያው ጠጉራም ነው።

የ«ሰሰሚ ስትሪት»ው ሌላ ጠጉራም፣ ኤልሞ፣ ግን አይጥመኝም። ሲኮረኩሩት የሚስቀው አሻንጉሊቱ በ1996 የገና ሰሞን ገበያተኛውን አጋፍቷል፤ ይሁን እንጂ የሚያስፈራ ነገር ድሮም አልነበረውም። ቀይ ሕፃን ነው።

የእኛው ጭራቅ እስከ ዛሬ ሰው በል ሆኖ ቀርቷል፤ የሚቀርበን ጅብ ነው። ተረቱ «አያ» ብሎ እንደ ታላቅ ወንድም ያከብረዋል፤ «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» ሲባልም ሊበላ መምጣቱን ማንም አይክድም። ይሞኛል፣ ይታለላል፣ ሆዱ ግን አብሮት ነው። ሐረር ላይማ ማታ ማታ ሥጋ ያጎርሱታል። እንግዲህ ለአማርኛ ተናጋሪ ልጆች ካርቱን የምትሠሩ ሁሉ፣ አያ ጅቦን መነጽር አድርጉለት፣ ኮፍያም ድፉለት፤ ሆዱን ግን አትውሰዱበት።