ዶሮ ታዝናለች?

ፈንግል አንድ ጊቢ ገብቶ ዶሮዎቹን ሲጨርስ አንዳንዴ አንዲት ብቻ ትተርፋለች። የተረፈችው ጥግ ይዛ ትቆማለች፤ ጥሬ ቢበተንላት ዞር ብላ አታይም፤ ሲመሽ ቆጥ ላይ ለመውጣት ታመነታለች። እኛ መካነ ኢየሱስ እንዲህ ያለችዋን ዶሮ ያየ ሰው «አይ፣ እሷማ ጓደኞቿ ናፍቀዋት ነው» ይላል። ይህን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ግን እውነት ዶሮ ታዝናለች?

ተረታችን ለዶሮ ብዙ ቦታ አይሰጥም። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ብለን ሕልሟን እንኳ ከሆዷ አላሳለፍነውም። የሚያጠኗት ሰዎች ግን ሌላ ነገር አይተዋል።

በፈረንጆቹ 1921 ኖርዌያዊው ቶርሌይፍ ሼልደሩፕ ኤበ ዶሮዎችን ተከታትሎ ማን ማንን እንደሚነቁር ጻፈ። በመንጋው ውስጥ አለቃና ምንዝር እንዳለ ለዓለም ያሳወቀው እሱ ነው። አስቡት፣ አንዲት ዶሮ ማንን እንደምትፈራና ማንን እንደምትነቁር ለማወቅ እያንዳንዷን ለይታ ማስታወስ አለባት። ስለዚህ ለፋሲካ አንዷ ስትታረድ የቀሩት ለውጡ ሊገባቸው ይችላል። በማግስቱ መነቋቆርና መባረር ከበዛ ደረጃቸውን እንደገና እየደለደሉ ሊሆን ይችላል።

በ2011 ደግሞ የእንግሊዙ ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጫጩቶችን በቀላል የአየር ግፊት እፍ እያሉ አስደነገጧቸው። እናትየዋ እዚያው ሆና ታያለች። ንፋሱ እሷን ባይነካትም የልብ ምቷ ጨመረ፣ የዓይኗ ሙቀት ቀነሰ፣ ነቅታ ቆመች፣ ጫጩቶቿን አብዝታ መጣራት ጀመረች። ጭልፊት ሲያንዣብብ የእናት ዶሮን ጩኸት የሰማ ሰው በዚህ አይገረምም።

ሌላም አለ። ጫጩት ከእህቶቿ ተነጥላ ብቻዋን ስትቀመጥ መጀመሪያ አጥብቃ ትጮኻለች፤ ደቂቃዎች ሲያልፉ ጩኸቷ እየደከመ ይሄዳል። ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን እንደ ጭንቀት፣ ሁለተኛውን ድብርት እንደሚመስል ሁኔታ ያዩታል። እንዲያውም ለሰው የሚሰጡ የድብርት መድኃኒቶችን በዚህ መንገድ ፈትሸዋል።

እንግዲህ ብቸኝነት ዶሮን ይጎዳታል ማለት ይቻላል። ሐዘን ግን ሌላ ነገር ነው። እኛ ነጠላ አዘቅዝቀን ልቅሶ ስንቀመጥ የሞተው ሰው እንደማይመለስ አውቀን ነው። ዶሮ ሞትን በዚህ መልኩ እንደምታውቅ ያሳየ ጥናት የለም። ለእኔ «ናፍቀዋት ነው» የሚለው የሰፈራችን አነጋገር «አዝና ነው» ከሚለው ይልቅ ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። የናፈቀች ዶሮና ፈንግል የያዛት ዶሮ መጀመሪያ ላይ አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም ይተክዛሉ፣ ሁለቱም መብላት ይቀንሳሉ። ፈንግል ከሆነ ክንፏን ትጥላለች፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ይይዛታል፣ አንዳንዴም አንገቷ ይጠማዘዛል። በሽታው ከገባባት በኋላ ምልክቱ እስኪታይ እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። «አዝና ነው» ብሎ ማለፍ እንግዲህ ዋጋ ያስከፍላል።

አዝነንላት ጓደኛ ብንገዛላትስ? ይሄ ደግሞ የባሰ ነው፤ የመጣችውንም ልናጣ እንችላለን። በገጠር ቤት የእንቁላል ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የእናት ነው፤ ጨውና ዘይቱ፣ የልጅ ደብተሩ ከዚያ ይወጣል። ሁለት ጊዜ መክሰር ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ጓደኛ ከመፈለጋችሁ በፊት ቢያንስ ሦስት ሳምንት ጠብቁ። እስከዚያ የተረፈችውን ከጎረቤት ዶሮ አርቃችሁ ከሰው አጠገብ አቆዩአት። ቆጡንና መጠጫውን አጽዱ። ገበያ አውጥታችሁ አትሽጧት፤ በሽታው ከሰፈር ሰፈር ከሚዛመትባቸው መንገዶች አንዱ ይሄ ነው። የሞቱትንም ለውሻ አትጣሉ፣ ወንዝ ውስጥም አትወርውሩ። ለዶሮ ሙሾ ባናወርድም ጠለቅ ያለ ቀብር ግን ይገባታል።

ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አረቄ ሲሰጧት አይቻለሁ። ፈንግል ቫይረስ ነው፤ ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። መከላከያው ክትባት ነው፤ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። በዓይን ጠብ የሚደረግ ዓይነት አለው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ጎረቤት ተሰባስቦ ቢያስከትብ ይሻላል። ክረምት ሳይገባ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው።

ስልክ የያዛችሁ ልጆች ለዚህ ትጠቅማላችሁ። ዶሮዋ ስትተክዝ አጭር ቪዲዮ ቀርጻችሁ የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳዩት። ለቤተሰብ ስትደውሉም «ዶሮዎቹ ተከተቡ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያቺ ዶሮ ደህና ሆና ጥሬዋን እየለቀመች ከሆነ፣ ያኔ የተከተበች ጓደኛ ፈልጉላት። መጀመሪያ ላይ ትነቋቆራለች፤ አትደንግጡ፣ ደረጃቸውን እየተነጋገሩ ነው።