ዲሹ ጣሪያችን ላይ የወጣ ዕለት

የተወደድሽ እህቴ፣ ስለ ዲሽ ስጽፍልሽ «የመጋቢ ሚስት ምን ነካት?» እንዳትዪ። ካኮ ቤታችን ጣሪያ ላይ ዲሽ የወጣ ዕለት ይህንኑ ከአንድ አረጋዊ አባት ሰምቻለሁ፤ «ዓለም በጣሪያ ገባች» ነበር ያሉት። ነገሩ የመጣው በልጃችን ነው። ሰኞ፣ በገበያ ቀን፣ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በቀጥታ ቪዲዮ ቤት ይገባል። ተቆጣነው፤ አልተመለሰም። ኋላ ግን «ቤት ብመጣ ምን አለ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ።

የእኔ ምኞት ከልጅ ጋር ተቀምጦ የሚታይ የቆየ ፊልም ነበር። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን የሚያወሩልን ቲሲኤም የተባለው የቆዩ ፊልሞች ቻናል (ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው) ወደ አፍሪካም በዲኤስቲቪ ይመጣ ነበር፤ በ2018 እ.ኤ.አ. በቲኤንቲ ተተካ። እርሱን ፍለጋ ገንዘብሽን አታባክኚ። ወርሃዊ ክፍያ ከሌላቸው ቻናሎች ጥሩ ፊልም ሲመጣ መቅዳት ይሻላል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ብቻውን የጠራ ምስል አያመጣም። ሪሲቨሩም ኤችዲ፣ ገመዱም ኤችዲኤምአይ መሆን አለበት፤ የድሮው ሪሲቨር የኤችዲ ቻናል ጨርሶ አይከፍትም። ከእኛ ሰፈር ናይልሳት (7 ዲግሪ ምዕራብ) ወደ ፀሐይ መግቢያ ነው፤ ኢትዮሳት (57 ዲግሪ ምሥራቅ) ወደ መውጫዋ፣ በጣም ከፍ ብሎ። ስለዚህ አንድ ዲሽ ለሁለቱ አይበቃም። ደግሞም የቆየ ፊልም ሲሆን በስክሪኑ ግራና ቀኝ ጥቁር ቢታይሽ አትደንግጪ፤ ፊልሙ እንዲያ ነው የተሠራው። ልሙላው ብለሽ ብትለጥጪው ሰው ሁሉ ይወፍርብሻል!

ለመቅዳት ፍላሽ ዩኤስቢው ላይ ይሰካል። ዩኤስቢ ያለው ሪሲቨር ሁሉ ግን አይቀዳም፤ ባለሱቁ ፊትሽ ቀድቶ ያሳይሽ። የአንድ ሰዓት ኤችዲ 3 ወይም 4 ጊጋባይት ሊበላ ይችላል። እኛ ይህን ሳናውቅ በፋሲካ ዋዜማ «ኢየሱስ» ፊልምን በትንሽ ፍላሽ ቀዳን። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ በሉቃስ ወንጌል ላይ የተመሠረተው፣ ከ2,000 በላይ ቋንቋዎች የተተረጎመው ማለቴ ነው። በማግስቱ ቤታችን በጎረቤት ሞልቶ ሳለ ፍላሹ ሞልቶ ኖሮ ጌታ ኢየሩሳሌም ሳይገባ ቆመ። ባለቤቴ «ትንሣኤ የሌለው ፋሲካ አበላሽን» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን አፈርኩ።

ልጄ ነው ያዳነኝ። ከዚያ ወዲህ ትልቁን ፍላሽ የሚይዘው፣ ሰዓቱን የሚሞላው፣ መብራት ሲጠፋና ቀረጻው ሲቋረጥ የሚናደደው እርሱ ነው። ፊልሙ እኛን ስለሚጠብቅ የማታ ጸሎታችን አልተነካም። ሰኞም ጓደኞቹን ይዞ ወደ ቤት ይመጣል፤ ቡና ቁርሱ ቢያልቅብኝም ደስ ይለኛል።

ባለፈው እኚያ አረጋዊ አባት መጡ። ፊልሙን በዝምታ እስከ መጨረሻው አዩ። ሲወጡ ጣሪያውን ቀና ብለው ተመለከቱና ለባለቤቴ፣ «ይህን ገመድ ከመሬት አንሥታችሁ እሰሩት፣ ፍየል ይበላዋል» አሉት።